የነርስ ርክክብና የሰነድ አያያዝ በደሴና በኮምቦልቻ

የነርስ ርክክብና የሰነድ አያያዝ ነርሶች ከታካሚ፣ ከአስታማሚ፣ ከሐኪም እና እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን መረጃ በቃል የሚያስተላልፉበትና በጽሑፍ የሚያስቀምጡበት አሠራር ነው። ሥራው በየትኛውም አገር ያለ ቢሆንም በደቡብ ወሎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የራሱ ጠባይ አለው። ታካሚው የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ ነው፤ ቻርቱ የሚሞላው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቤተሰቡ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ሲሆን የመድኃኒት መስጫ ቅጹ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ታካሚው የሚታወቀው በስሙና በአባቱ ስም ሲሆን ሆስፒታሉ የሚያውቀው በካርድ ቁጥር ነው። መረጃ የሚዛባው በአብዛኛው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርባቸው በእነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

== አካባቢውና የጤና ተቋማቱ ==

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ያለች የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው በሐረጎ በኩል የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በከተሞቹ መካከል ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ።

የአካባቢው ትልቁ የሕክምና ተቋም ቀድሞ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይባል የነበረው ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እንዲሁም ከአፋር ክልል ሕሙማን ወደዚህ ይላካሉ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና የታወቀ ሲሆን መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳም ይታከምበታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ክፍሎች በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በኮምቦልቻ ይገኛሉ። ለተግባር ልምምድ ወደ ዋርድ የሚገቡ የነርሲንግ ተማሪዎች ቻርት ላይ ስለሚጽፉ፣ በአንድ ታካሚ ወረቀት ላይ የብዙ ሰው እጅ ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ያሉባት ከመሆኗ በላይ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ መነሻ ናት። በማሽን የተጎዳ ሠራተኛም ሆነ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ከአቅም በላይ ሲሆን ሽቅብ ወደ ደሴ ይላካል።

== ሰዓትና ቀን ==

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 8፡00 ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ማንም ሰው በቃል ያውቀዋል፤ ችግር የሚሆነው ቁጥሩ ብቻውን ወረቀት ላይ ሲቀር ነው።

ለምሳሌ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ መርፌ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተሰጠ እንበል። ተረኛዋ «2፡00» ብላ ከጻፈችና ቀጣይዋ ነርስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካነበበችው፣ መርፌው የተሰጠው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይመስላታል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መሰጠት የነበረበት ቀጣዩ መርፌ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተሰጠ መድኃኒት «8፡00» ተብሎ ሲጻፍ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንደተሰጠ ሊነበብና ጊዜው አልፏል ተብሎ ወዲያው ሊደገም ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚጠቀሰው የ24 ሰዓት አጻጻፍ ነው። ይሁን እንጂ መፍትሔው ግማሽ ነው። ከ13፡00 እስከ 24፡00 ያሉት ቁጥሮች በኢትዮጵያ ሰዓት ስለሌሉ አያሳስቱም፤ ከ1፡00 እስከ 12፡00 ያሉት ግን እንደ በፊቱ አሻሚ ናቸው። ስለዚህ ዋርዱ በአንድ አቆጣጠር ብቻ መጻፉና የትኛው እንደሆነ ቅጹ ራሱ ላይ መታተሙ ይበልጥ ይረዳል። ለታካሚና ለአስታማሚ ሲነገር ደግሞ ቁጥሩን ትቶ «ጠዋት ቁርስ ሲበሉ»፣ «ማታ ሊተኙ ሲሉ» ማለት ከሁሉም ይሻላል።

የቀን አቆጣጠር በማዋለጃ ክፍል ከፍ ያለ ዋጋ አለው። የወሊድ ቀን የሚገመተው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን 280 ቀናት በመቁጠር ነው። የኢትዮጵያ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 9 ወርና 10 ቀን ይደመራል። በመካከል ጳጉሜን ካለች የሚደመረው 9 ወርና 5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወርና 4 ቀን። የወር አበባዋ ጥቅምት 10 የታየ እናት ሐምሌ 20፣ መጋቢት 10 የታየ ደግሞ ታኅሣሥ 15 ገደማ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ስሌት በአውሮፓውያን ወራት ከሚደረገው ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠ አይደለም። ሆኖም ቀኑ ወደ ሌላ ቅጽ ሲገለበጥ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ ጥቅሙ ይጠፋል።

እናቲቱ ቀኑን በቁጥር የማታስታውስበት ጊዜም ብዙ ነው። በወሎ አንዷ «ፍልሰታ ሲፈታ» ስትል ሌላዋ «ረመዳን ሊገባ ሲል» ትላለች። የሒጅራ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ነርሷ የዚያን ዓመት ረመዳን መቼ እንደገባ ማወቅ ይኖርባታል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቀን ግምት መሆኑ በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ አለዚያ ከወራት በኋላ የሚያነበው ሐኪም እንደ እርግጠኛ ቀን ይወስደዋል።

== ስምና የካርድ ቁጥር ==

በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጋራቸው ስሞች አሉ፤ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊ፣ ፋጡማ፣ ዘሃራ የሚሉት ደግሞ በየቤቱ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ዋርድ ሁለት ሰይድ መሐመዶች ቢተኙ አያስገርምም። የአያት ስም መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን እሱም ሊመሳሰል ይችላል። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲዛወር ሌላ ችግር ይመጣል። «መሐመድ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በአንድ «መ» ሌላው በሁለት «መ» ስለሚጽፈው፣ ካርድ ክፍል ሲፈለግ ያው ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካርዱ ጠፋ ተብሎ አዲስ ካርድ ሲወጣ የቀድሞው ሕመም፣ የማይስማማው መድኃኒትና የደም ዓይነቱ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ይቀራሉ።

ታካሚን ለመለየት ቢያንስ ሁለት መለያዎችን ማመሳከር፣ ማለትም ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ በነርሲንግ ሥራ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም፤ ታካሚ አልጋ ይቀይራል። ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድም ይወስናል። «ሰይድ ነህ?» ሲባል ያተኮሰው ወይም ጆሮው የከበደ ሰው «አዎ» ሊል ይችላል። «ስምህ ማነው? የአባትህስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ራሱ መናገር ይኖርበታል። በተለይ ደም ከመስጠት በፊት ይህን መዝለል ሕይወት ያስከፍላል።

== የታካሚው ቃል ==

ሕመም በአማርኛ ሲነገር ከእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል» የሚሉት የሕመሙን ቦታና ዓይነት አብረው ይናገራሉ። «ምች መታኝ» የሚለው ከትኩሳት እስከ ከንፈር ቁስል ሊደርስ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ያለ ሰው ሕመሙ የልብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን ቃል ሳይጠይቁ «የጨጓራ ሕመም» ብሎ መጻፍ የታካሚውን ግምት ምርመራ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ነርሲንግ የሚያስተምረው ታካሚው ያለውን እንደ ታካሚው ቃል፣ ነርሷ ያየችውንና የለካችውን ደግሞ ለብቻው መጻፍን ነው። በእንግሊዝኛ ቻርት መሐል የታካሚውን ቃል በአማርኛ ፊደል አስገብቶ መጻፍ የሚከለክል ምክንያት የለም፤ አንዳንዴ ከትርጉሙ የበለጠ ይገልጻል።

ከከሚሴ ወይም ከባቲ አካባቢ የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ከአፋር የመጣ አርብቶ አደር ሲሆን ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ የሚሆነው ቤተሰብ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚያፍርበት ነገር ይዘለላል። ስለ ወር አበባ፣ ስለ ፅንስ መቋረጥ ወይም በቤት ውስጥ ስለ ደረሰ ድብደባ የሚጠየቅ ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ መፈለግ ያስፈልጋል። ማን እንዳስተረጎመም በቻርቱ ላይ መጻፍ ተገቢ ነው።

አጠራርም መረጃ ይነካል። ሴት ነርስ «ሲስተር» ትባላለች፤ ወንድ ነርስ ግን ብዙ ጊዜ «ዶክተር» ይባላል። ስለዚህ ለነርሱ የነገረ ታካሚ ለሐኪሙ የነገረ ይመስለውና በራውንድ ጊዜ አይደግመውም። ነርሱ ካልጻፈው ወሬው እዚያው ያበቃል። ነርሶች በበኩላቸው ሽማግሌውን «አባባ»፣ አሮጊቷን «እማማ» ይላሉ፤ በወሎ «አንቱ» ማለት ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ነው። «አብሽሩ» ብሎ ማጽናናትም የአካባቢው ደግነት ነው፤ ይሁንና «ደም አለ ወይ?» ብሎ ለጠየቀ ቤተሰብ መልስ አይሆንም።

በአክብሮት የሚነገር «እሺ» ሌላው የሚያሳስት ቃል ነው። ታካሚው ያልገባውን «እሺ» ሊል ይችላል። «ገባዎት?» ከማለት ይልቅ «እስኪ ቤት ሲገቡ ይህን ኪኒን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ማለት ያልገባውን ወዲያው ያሳያል። በጾምና በረመዳን ጊዜ ይህ ጥያቄ ግዴታ ይሆናል፤ በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘው መድኃኒት በሱሑርና በኢፍጧር ብቻ ሊወሰድ፣ ወይም ጠበል የገባ ሰው ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል። ቁጣ ያለበት ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያገኝም። ሐኪም መድኃኒቱን ለጾም በሚመች መልኩ ሊቀይር የሚችለው አስቀድሞ ካወቀ ነው።

ሞት ሲደርስ የአካባቢው ወግ መርዶን በሽማግሌና በዘመድ ማስነገር ነው። በሆስፒታል ኮሪደር ድንገት የሚነገር ሞት እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ስለዚህ ነርሶች ከቤተሰቡ ጠንከር ያለውን ሰው ለይተው ወደ ጎን በመጥራት መንገር ይመርጣሉ። ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደተነገረ መጻፉ ኋላ ለሚነሣ ጥያቄ ይጠቅማል።

== በፈረቃ መካከል የሚደረግ ርክክብ ==

ርክክብ ወጪዋ ተረኛ ለገቢዋ ተረኛ ታካሚዎቹን የምታስረክብበት ሥርዓት ነው። በነርሶች ክፍል ተቀምጦ ከሪፖርት ደብተር ከማንበብ ይልቅ በየአልጋው እየዞሩ መረካከብ የተሻለ ነው፤ ገቢዋ ግሉኮሱ የት እንደደረሰ፣ የሽንት ከረጢቱ ስንት እንደያዘ በዓይኗ ታያለች። ጉዳቱ ብዙ አልጋ ባለበት ዋርድ ውስጥ ምስጢር ይሰማል። የኤች አይ ቪ ውጤትና የመሳሰለው በአልጋ አጠገብ ጮክ ተብሎ መነገር የለበትም።

በብዙ አገሮች ለርክክብ «ኤስ-ባር» የሚባል ቅደም ተከተል ይሠራበታል፤ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ መነሻው፣ የነርሷ ግምገማ፣ መደረግ ያለበት። አሠራሩ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣ ሲሆን በኋላ በሆስፒታሎች ተለምዷል። ዋና ጥቅሙ ታናሽ ነርስ ሌሊት ለሐኪም ስትደውል «ታካሚው ደስ አላለኝም» ብላ እንዳታቆም ማድረጉ ነው። «የአልጋ 7 ታካሚ ትናንት ኦፕሬሽን ሆነዋል፤ የልብ ምታቸው ከ90 ወደ 130 ወጥቷል፤ የደም ግፊታቸው ወርዷል፤ መጥተው እንዲያዩልኝ» ካለች ሐኪሙ አልጋው ላይ የመቆየት ምክንያት አይኖረውም። በስልክ የተሰጠ ትእዛዝ መልሶ ተነብቦለት ወዲያው ይጻፋል፤ ሐኪሙም ሲመጣ ይፈርምበታል።

== ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፦ ሪፈር ==

በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚሄደው አምቡላንስ መረጃ በቀላሉ የሚጠፋበት ሌላ ቦታ ነው። በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ያንቀጠቀጣት እናት ጥሩ ምሳሌ ናት። በመነሻው ተቋም ማግኒዢየም ሰልፌት ይጀመርላታል፤ በተለመደው አሰጣጥ 4 ግራም በደም ሥር እና 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫዎች ተከፍሎ በጡንቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ይቀጥላል። ደሴ የሚቀበሏት ነርሶች ምን ያህል፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጣት ካላወቁ ሁለት መጥፎ ምርጫ ይቀርብላቸዋል። የመጀመሪያውን መጠን ቢደግሙት መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ቢተዉት ደግሞ እናቲቱ ሳትወስድ ቀርታ ከሆነ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። ቀጣዩን መርፌ ከመስጠት በፊት የጉልበት መልስ መኖሩ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱና ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ ይታያል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በእጅ መኖር አለበት። እነዚህ ሁሉ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ቢወስዱ ነው።

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በቤተሰብ እጅ ነው፤ ዝናብ ሲመታው፣ በኪስ ሲታጠፍ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሊያዞን ክፍሎች አስቀድመው በስልክ መነጋገራቸውና አብራ የምትሄደው ነርስ በቃልም በጽሑፍም ማስረከቧ አስፈላጊ ነው። የኦክስጅን መጠን ሲመዘገብ ታካሚው በኦክስጅን ላይ ነበር ወይስ በተፈጥሮ አየር የሚለውም መጻፍ ይኖርበታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኮምቦልቻ የወጣ የሳንባ ሕመምተኛ ቁጥሩ በመንገድ ላይ ትንሽ ቢወርድ ከከፍታው ሊሆን ይችላል፤ ያለ መነሻ ቁጥር ግን ይህን ከመባባስ መለየት አይቻልም።

ከደሴ ወደ ቀበሌ የሚመለሰው መረጃ ከሚሄደው የባሰ ደካማ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤተሰብ ማህደር የእያንዳንዱን ቤት ጤና ይመዘግባሉ፤ ሆስፒታሉ የመልስ ወረቀት ካልላከ ግን ማህደሩ ታካሚዋ ሪፈር የተጻፈላት ቀን ላይ ይቆማል።

== ቻርቱ ==

በኢትዮጵያ የሆስፒታሎች የነርሲንግ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያና እ.ኤ.አ. በ2016 በተተካው የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ ይመራል። ነርሶች ታካሚውን መርምረው ችግሩን ለይተው፣ አቅደው፣ ሠርተው፣ ውጤቱን እንዲመዝኑና እያንዳንዱን እርምጃ እንዲጽፉ ይጠበቃል። አፈጻጸሙ ከመመሪያው ወደ ኋላ የቀረ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት በአግባቡ የሚመዘግቡትን ነርሶች 37.4 በመቶ፣ በትግራይ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 47.8 በመቶ አድርጎ አግኝቷል። የትግራዩ ጥናት የቅጽ እጥረትን፣ የጊዜ እጥረትንና የአሠራር ደረጃውን አለማወቅን ከምክንያቶቹ መካከል ጠቅሷል። አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ ይዛ ስታድር ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረው ጽሑፍ ነው፤ ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስልም።

በነርሲንግ ትምህርት ቤት «ያልተጻፈ አልተሠራም» ይባላል። አባባሉ ለፍርድ ቤት ልክ ነው፤ ነገር ግን ነርሶችን ወረቀት ለመሙላት ብቻ ሊገፋፋ ይችላል። ተጽፎ ያልተሠራው ካልተጻፈው ይልቅ አደገኛ ነው። የታወቀው ምሳሌ የትንፋሽ ቁጥር ነው፤ በዋርዱ ያሉት ሁሉ በደቂቃ 20 ከተነፈሱ፣ አንድም ሰው ሙሉ ደቂቃ ቆሞ አልቆጠረም ማለት ነው። የትንፋሽ መጨመር ታካሚ እየተባባሰ መሆኑን ከሚያሳዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ በመሆኑ የተገለበጠ ቁጥር ማስጠንቀቂያውን ይደብቃል።

ስሕተት ሲጻፍ በአንድ መስመር ተሠርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ማጥፊያ ቀለም መቀባት ወይም ወረቀቱን ገንጥሎ በአዲስ መተካት አይፈቀድም። ዘግይቶ የተጻፈ ነገር የተጻፈበትና የተሠራበት ሰዓት ለየብቻ ይጠቀሳል። ያልተሰጠ መድኃኒትም ከነምክንያቱ ይጻፋል፤ «ቤተሰብ ገዝቶ አላመጣም» የሚለው ቃል ሐኪሙ ሕክምናው አልሠራም ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት እንዳያልፍ ያደርጋል።

== የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ==

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ገቡ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በኅዳር ወር መጨረሻ ነው። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ አገልግሎትም ተቋርጧል። ከዚያ በፊት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በሁለቱ ከተሞች ተጠልለው ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ተቋም ውስጥ ያለ መዝገብ ለተበተነ ታካሚ አይደርስለትም። የኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው በማያውቀው ጤና ጣቢያ ሲቀርብ የሚጠየቀው የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የጀመረበት ቀን ነው። በእጁ ያለ የክትትል ካርድ ወይም ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለ ጽሑፍ ያን ጊዜ ከሙሉ ማህደር ይበልጣል። ነርሶች ታካሚውን ሲያሰናብቱ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጽፈው በእጁ መስጠታቸው በሰላሙም ጊዜ ለመንገደኛና ለቀን ሠራተኛ ይጠቅማል።

== ምስጢርና ሕግ ==

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪሞችን፣ አዋላጆችንና ነርሶችን ጨምሮ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ያስቀጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያዎችን ግዴታ ሲደነግግ የታካሚ ምስጢርንና ፈቃድን ያካትታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በወረቀትም ሆነ በኮምፒውተር ለሚያዝ የግል መረጃ ጥበቃ ይሰጣል።

በተግባር አከራካሪው ነገር ስልክ ነው። የቁስልን ፎቶ ወይም የቻርትን ገጽ አንሥቶ በቴሌግራም ለሐኪም መላክ ሌሊት ላይ ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ ያው ፎቶ ስምና የካርድ ቁጥር ይዞ በነርሷ የግል ስልክ ውስጥ ይቀራል። ስሙን ሸፍኖ ማንሣት፣ ከተላከ በኋላ ማጥፋትና የተሰጠውን ምክር በቻርቱ ላይ መጻፍ ቢያንስ ሊደረጉ የሚገባቸው ናቸው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚላክበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የሚይዘው የተደመረ ቁጥር እንጂ የእያንዳንዱን ታካሚ ታሪክ ስላልሆነ በዋርድ ያለውን ቻርት አይተካም።